እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት

«ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ብለሽ ጻፊ» አላት አባቷ ሻዩን እያማሰለ።

ኩኩ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። «ዛሬ ሌሊት እኮ ምንም አልሰማሁም። ለጥ ብዬ ነው ያደርኩት።»

«አንቺ ተኛሽ እንጂ ማራገቢያው መቼ ተኝቶ ያውቃል?»

«አንተ ሰማኸው?»

አባቷ ሻዩን ፉት ብሎ ሰዓቱን አየ። የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ቢጫ መብራት ሲያይ ፍሬን የሚይዝ፣ መንገዱ ጭር ቢል እንኳ ፍሬቻ ሳያሳይ የማይታጠፍ፣ ቀበቶውን ሳያስር ሞተር ያስነሳ ተማሪ ሲያጋጥመው «ውረድና እንደገና ግባ» የሚል ሰው ነው። ኩኩ በአሥራ አራት ዓመት ዕድሜዋ ሲዋሽ ሰምታው አታውቅም። አሁንም የዋሸ አልመሰላትም።

«ሐሙስ ደብተሩን ለማዘጋጃ ቤቱ እናስገባለን» አላት ጃኬቱን እየለበሰ። «ባዶ ቀን ካገኙ ያን ሌሊት ሰላም ነበር ይላሉ። እነዚህ ከታች ያሉት ዝም ብለው ያደሩበት ቀን እንደሌለ አንቺም ታውቂያለሽ። ጻፊ።»

ጻፈች። ሰኞ ለማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል። ማራገቢያ። ሦስት ሞተር ብስክሌት።

መስመሩ ከላይ ካሉት ጋር ሲተያይ እርቃኑን የቀረ መሰላት። ሌሎቹ በእርግጥ የተሰሙ ስለሆኑ የየራሳቸው ነገር ነበራቸው፤ አንዱ ላይ ሞተረኛ ከሰካራም ጋር ሲሰዳደብ አለ፣ ሌላው ላይ የዘይት ጀሪካን በደረጃው ሲንከባለል። ስለዚህ ማንም ሳያዛት አንድ ነገር ጨመረችበት፤ ከወጥ ቤቱ ረጅም የሴት ሳቅ። አባቷ በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ አነበበና ፀጉሯን ዳበስ አደረገው።

«ጸሐፊዬ» ብሏት ወጣ።

ነገሩ ከተጀመረ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ኩኩ ከወላጆቿ ጋር የምትኖረው አንደኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ከሥራቸው የተጠበሰ ዶሮና ድንች የሚሸጥ ቤት አለ። ቤቱ መቀመጫ የለውም፤ ሰው ተሰልፎ ያዛል፣ በወረቀት ከረጢት ተቀብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ድሮ ማታ አራት ሰዓት ሲል መዝጊያው ይወርድና ሕንፃው ጸጥ ይል ነበር። በኋላ ባለቤቱ፣ እነ ኩኩ ቤት ባለዶሮው የሚባለው፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ለመሸጥ ፈቃድ ጠየቀ። ማዘጋጃ ቤቱም የሦስት ወር የሙከራ ፈቃድ ሰጠው። ሙከራው ሲያልቅ ቋሚ ይሆንለታል፤ ተቃውሞ ያለው ጎረቤት ግን ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ የሚል ማስታወቂያ መግቢያው በር ላይ ተለጠፈ።

የኩኩ እናት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው። ሊነጋጋ ሲል አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣለች፤ ስለዚህ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መተኛት አለባት። የመኝታ ክፍሏ መስኮት ደግሞ ከዶሮ ቤቱ የጭስ ማውጫ ማራገቢያ በላይ ነው። ማራገቢያው ሲሠራ አልጋው ሥር የሆነ ሰው ማቃሰት የጀመረ ይመስላል። ጆሮዋን በጥጥ ደፈነች፣ አልጋውን ወደ ሌላው ግድግዳ አዞረች፣ አንዳንዴም ሳሎን ሶፋ ላይ ተኛች። አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ቦታዋ፣ የአንሶላ መተኮሻው ማሽን ፊት እንደቆመች፣ ዓይኗ ከደን ሲል እጇ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ተቃጠለ። አባቷ ደብተሩን የገዛው በማግስቱ ነው።

ከደብተሩ በፊት አንዴ ወርዶ በደህና ቋንቋ ሊያነጋግረው ሞክሮ ነበር። ባለዶሮው ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ «ሚስትህን ቀን አስተኛታ» አለው፣ ሰው እየሰማ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። ባለዶሮው አባቷን «ትራፊኩ» ይለዋል። ሞተረኞቹ የማስተማሪያዋን መኪና ከፊትም ከኋላም አጥረው ይቆማሉ። አባቷ በበኩሉ በሩ ላይ የተተወ የቆሻሻ ከረጢት ባየ ቁጥር ለጽዳት ተቆጣጣሪዎች ይደውላል። ሕንፃውም ተከፋፈለ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌ ለተቃውሞው ፈረሙ፤ ላይኛው ፎቅ የተከራዩት የኮሌጅ ተማሪዎች ግን «እራታችንን ልታስከለክሉን ነው?» ብለው በሩን ዘጉ። ደረጃ ላይ የተገናኘ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ይተላለፋል።

ትምህርት ቤት ደግሞ ባሰ። የኩኩ ክፍል ግማሹ ተማሪ ምሳውን የሚገዛው እዚያ ነው። ወሬው እንደተሰማ ሙድ ያዙባት። ወደ ሰሌዳው ስትጠራ ከኋላ ሆኖ እንደ ዶሮ የሚጮህ አይጠፋም። «አቦ አታካብዱ» ብትላቸው ይብስባቸዋል። ያላሾፈችባት ረጅሟ የሚሏት ልጅ ብቻ ናት። ከፊት ብትቀመጥ ለሌላው ስለምትጋርድ ሁልጊዜ መጨረሻው ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ የክፍሉ የእጅ ኳስ በረኛ ናት። ያላሾፈችባት ወዳት አልነበረም፤ እናቷ የዶሮ ቤቱ ጠባሽ ስለሆነች ዝም ማለት የሻላት ይመስላል። ሁለቱ ልጆች ተነጋግረው አያውቁም ነበር ማለት ይቻላል።

ደብተሩ ሐሙስ ገባ። በሳምንቱ ረጅሟ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። በሦስተኛው ቀን በእረፍት ሰዓት ኩኩ ቧንቧው ጋ እጇን ስትታጠብ አንድ ጥላ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ደብተሩን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ» አለች ረጅሟ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ብትጮህባት ኩኩ ያን ያህል አትፈራም ነበር።

«ብጽፍስ?»

ረጅሟ የሆነውን ሁሉ ሳትቸኩል ነገረቻት። በደንቡ መሠረት የደብተሩ ቅጂ ለባለዶሮው ተሰጥቶታል። አንድ በአንድ ሲያነብ ያቺ ሰኞ ላይ ደረሰ። ያን ቀን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አጎቱ ማረፋቸው ተነግሮት ደንበኛውን አሰናብቶ፣ መዝጊያውን አውርዶ፣ ቁልፉን ለጠባሿ ሰጥቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። የተመለሰው ማክሰኞ ማታ ነው። ቤቱ በተዘጋበት ሌሊት ማራገቢያ ከሠራ፣ ሞተረኞች ከተመላለሱ፣ ከወጥ ቤት የሴት ሳቅ ከተሰማ፣ ቁልፍ የያዘችው ሴት አንዲት ብቻ ናት። ጠባሿ ብትምልም ብትገዘትም አልሰማትም። በምሳ ሰዓት፣ ሰልፉ መንገድ ድረስ ወጥቶ ሳለ፣ ሽርጧን አስወልቆ «ሌባ» ብሎ አባረራት። ስድስት ዓመት የሠራችበት ቤት ነበር።

«ያን ሌሊት እናቴ ቤት ነበረች» አለች ረጅሟ። «አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። የማንን ሳቅ ነው የሰማሽው?»

ውሃው እየፈሰሰ ነበር። ኩኩ ቧንቧውን ዘጋች፣ ሲንጠባጠብ ደግሞ አጠበቀችው።

«የሰማሁትን ነው የጻፍኩት» አለች።

ረጅሟ ትንሽ ቆማ አየቻት። «እናቴ ድምፅ አውጥታ አትስቅም» አለች። «የፊት ጥርሷ ከወለቀ ጀምሮ አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትስቀው። ድምፅ የለውም።» ይህን ብላ ወደ ክፍል ገባች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ክፍል ውስጥ እንደ ዶሮ የሚጮህባት አልነበረም። ኩኩ ስትገባ ወሬው ይቆማል። አብራት የምትቀመጠው ልጅ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ሌላ ወንበር ስትሄድ አስተማሪው እንኳ ለምን አላላትም። ኩኩ ጩኸቱ በስንት ጣዕሙ አለች ለራሷ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አባቷ በሁለት ተማሪ መሀል እረፍት ነበረው። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ዳቦውን ሲበላ አገኘችውና ሁሉንም ነገረችው። ማኘኩን አቆመ።

«ዝግ ነበር?» አለ። ዳቦውን አስቀምጦ ደግሞ፣ «ጭራሽ ዝግ?»

መጀመሪያ ቀን ተሳስተን ይሆናል አለ። ይህ እንደማያስኬድ ሲገባው በቆመ መኪና ውስጥ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር፤ ኩኩን ያስጨነቃትም እሱ ነው። ደብተሩ ውስጥ ሰባ ሁለት መስመር አለ። ሰባ አንዱ በጆሯቸው የሰሙት ነው። አንዷ ውሸት ናት ብለው ከሄዱ ሰባ አንዱንም ይጥሉታል፣ ባለዶሮውም ፈቃዱን ወስዶ ለዘላለም ሌሊት ይከፍታል። ስብሰባው ሰኞ ነው። ሰኞ ይለፍና ስለ ጠባሿ እሱ ራሱ ሄዶ ይናገራል።

«ከሰኞ በኋላ ባይመልሳትስ?»

«የቀጠራትም እሱ፣ ያባረራትም እሱ» አለ አባቷ። ይህን ሲል በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ ያይ ነበር፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና ግን አልነበረም።

ማታ እናቷ ቅባቱን እንድትቀባላት እጇን ዘረጋችላት። የተቃጠለው ቦታ ሮዝ ሆኖ ያብለጨልጫል። ኩኩ በጣቷ ጫፍ ቀስ እያለች ስትቀባ የእናቷ ጭንቅላት ዘንበል እያለ ሄደ፤ እጇ ኩኩ ጭን ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ። ገና ሁለት ሰዓት ነበር። ከታች ማራገቢያው መሽከርከር ጀምሯል። እናቷ ስለዚያች ሰኞ መስመር የምታውቀው ነገር አልነበረም፣ ኩኩም አልነገረቻትም። ሰኞ ይለፍ ማለት እንዲህ ቀላል መሆኑን ያየችው ያኔ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከአባቷ ጋር የማዘጋጃ ቤቱ ንግድ ፈቃድ ክፍል ደረሱ። ጽሕፈቱ የእሷ ስለሆነ እሷም መገኘት አለባት ተብሏል። የስብሰባው ክፍል ጠባብ ነበር። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት የፕላስቲክ ወንበር፣ ጥግ ላይ እስከ ጣሪያ የተቆለለ የፋይል ክምር አለበት። ሰብሳቢዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አጭር ሴትዮ ናት። ባለዶሮው ጥቁር ኮት ለብሶ መጥቷል። እንደተቀመጠ የኩኩን አባት ከላይ እስከ ታች አየውና «ትራፊኩ በሰዓቱ ነው የመጣው» አለ ለማንም ያልሆነ በመሰለ ድምፅ። ሰብሳቢዋ እዚህ ሰው በስሙ ነው የሚጠራው ብላ ገሠጸችው።

አባቷ በደንብ ተናገረ። ስለ ማራገቢያው፣ ስለ ሞተሮቹ፣ ስለ ሚስቱ እጅ አስረዳ። የሐኪም ወረቀቱንም አቀረበ። ሰብሳቢዋ ደብተሩን በእርጥብ ጣቷ እየገለጠች አንዳንዱን መስመር ጮክ ብላ ታነበዋለች፣ ባለዶሮው ይመልሳል። ሞተሮቹ የእኔ አይደሉም፣ መንገዱ የመንግሥት ነው፣ ሰው ሳል ቢይዘውም እኔን ሊከስ ነው ይላል። ድምፁ እየጨመረ፣ አባቷም እያቋረጠው፣ ሰብሳቢዋ ሁለቴ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታች።

ሰኞ ለማክሰኞ የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ ግን ባለዶሮው ረጋ አለ። ኩኩ ቤቱ ዝግ ነበር ብሎ ደብተሩን የሚያፈርሰው አሁን ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ወደ ኋላ ተደገፍ ብሎ፣ ይሄ እውነት ነው አለ። ያን ሌሊት ለቅሶ ሄዶ እንደነበር፣ ቁልፍ የያዘች ሠራተኛው በድብቅ ከፍታ ስትነግድ እንዳደረች፣ እሱም እንደደረሰበት ወዲያው እንዳባረራት ተናገረ። «እንዲህ ነው ቤቴን የምቆጣጠረው» አለ። «ሥርዓት የሚያፈርስ ሰው እኔ ጋ አንድ ቀን አያድርም። ይሄንንም መዝግቡልኝ።»

ሰብሳቢዋ ወደ አባቷ ዞረች። «በዚህኛው እንግዲህ ሁለታችሁም ተስማምታችኋል።»

አባቷ ጭንቅላቱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሰብሳቢዋ መስመሩ ዳር ላይ ምልክት አድርጋ ገጹን ገለጠች።

ኩኩ ያቺን ምልክት ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። መስመሩ ለአባቷም ጠቀመ፣ ለባለዶሮውም ጠቀመ፣ ለሰብሳቢዋም ሥራ ቀለለላት። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንድም የሚጎዳ የለም። የተጎዳችው ሴት ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም፤ ማንም አልጠራትም።

መጨረሻ ላይ ሰብሳቢዋ ደብተሩን ዘግታ ፊቷን ወደ ኩኩ መለሰች። ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣ ጽሕፈቱ የእሷ መሆኑን፣ የጻፈችውም የሰማችውን መሆኑን እንድታረጋግጥላት ጠየቀቻት። ከሥሩ መፈረም ብቻ ነበር የቀረው።

«የሰኞ ለማክሰኞው አልተሰማም» አለች ኩኩ።

«ልጅ ናት፤ ስብሰባው አስፈርቷት ነው» አለ አባቷ ቶሎ ብሎ።

እሱ ልጅ ናት ሲል ኩኩ ፊቷ ጋለ። «ሳቁን እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለች ለሰብሳቢዋ። «ማንም አላዘዘኝም። መስመሩ ባዶ መሰለኝና ጨመርኩበት። ጠባሿ እትዬ ያን ሌሊት እዚያ አልነበሩም።»

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። «የቀረውስ? ሰዓቱ፣ ሞተሮቹ?»

ኩኩ ጫማዋን አየች። ይሄኛው የእሷ አልነበረም፣ ልትናገረውም አልቻለችም። ወደ አባቷም አልዞረችም። ኮሪደሩ ላይ የሚሄድ ሰው ጫማ ይሰማል። በመጨረሻ አባቷ፣ ለተማሪ «ወድቀሃል» በሚልበት ደረቅ ድምፅ፣ «እኔ ነኝ ያስጻፍኳት» አለ።

ባለዶሮው ሳቀ። ሰባ ሁለት መስመር ውሸት ነው፣ እኔስ ምን ስል ነበር እያለ ከወንበሩ ተነሣ። ሰብሳቢዋ ተቀመጥ አለችውና፣ ሠራተኛህን ያባረርካት በዚህ መስመር ብቻ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ስለ ሠራተኛዬ እኔ አውቃለሁ» አለ። ሳቁ ግን ቆመ።

ውሳኔው አጭር ነበር። ደብተሩ ከማስረጃነት ወጣ። ጽሕፈት ቤቱ የድምፅ መለኪያ ያለው ተቆጣጣሪ ለአንድ ወር ይመድባል፤ እስከዚያ ድረስ ዶሮ ቤቱ በሙከራ ፈቃዱ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሠራል።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባቷ ሰው የሌለበት የእግረኛ ማቋረጫ ሁሉ ላይ ቆመ። ቤት ሲደርሱ እናቷ ያን ቀን አስፈቅዳ ከሥራ ቶሎ ወጥታ ስለነበር በሩን የከፈተችላቸው እሷ ናት። ፊታቸውን አይታ መሸነፋቸውን ገመተች። አባቷ ሌላ ወር ሊጠብቁ መሆኑን ነገራትና፣ ለምን ስትል፣ «ልጅሽን ጠይቂያት» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ኩኩ ነገረቻት። ሳቁንም፣ ሽርጡንም፣ «ሌባ» የተባለችበትንም። እናቷ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«ያን ሰኞማ ደህና ተኝቼ ነበር» አለች። «በሦስት ወር ውስጥ ያቺን አንድ ሌሊት ነው የተኛሁት።» ከዚያ ድምፅዋን ወደ ውስጠኛው ክፍል ከፍ አደረገችው። «በእኔ እንቅልፍ ስም ነው የሰው እንጀራ የተዘጋው?»

ለኩኩ ግን ሌላ አልጨመረችላት፤ አልተቆጣቻት፣ አላቀፈቻት። ኩኩ የትምህርት ቤት ሹራቧን እንደለበሰች ወጣች።

የጠባሿ ቤት ከሁለት መንገድ በኋላ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት። ሴትዮዋ በሩ ላይ በሳፋ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር። ኩኩ ሁልጊዜ የምታያት በደረጃው መስኮት፣ ከጀርባዋ፣ በነጭ ጨርቅ እንደታሠረ ጭንቅላት ብቻ ነበር። ፊቷን ስታየው ከጠበቀችው በላይ ልጅ ሆና አገኘቻት።

«ማን ልበል?» አለች ጠባሿ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ።

ኩኩ ከዶሮ ቤቱ በላይ ካለው ቤት እንደመጣች ተናገረች። የጠባሿ ፊት ተዘጋ። ግቢ አላለቻትም። ኩኩ እንደቆመች፣ መስመሩን እሷ እንደጻፈችው፣ ሳቁን ከራሷ እንዳመጣችው፣ ዛሬ ጠዋትም ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ይህንኑ እንደተናገረች ነገረቻት። ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ አለች በመጨረሻ።

ጠባሿ ሸሚዙን ጨመቀችና አራገፈችው። «ስትናገሪ ማን ሰማ?»

«ሰብሳቢዋ፣ አባቴ፣ ባለዶሮው ራሳቸው።»

«በር ዘግታችሁ።»

«አዎ» አለች ኩኩ።

«እኔን በር ዘግቶ አይደለም ሌባ ያለኝ» አለች ጠባሿ። «ባለ ታክሲዎቹ ነበሩ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ነበረች። የእናንተ ትምህርት ቤት ልጆች ከረጢታቸውን እንደያዙ ቆመው ነበር። ዛሬ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ባለሱቁ እጄን እጄን ያያል።» ሸሚዙን ገመዱ ላይ ሰቀለችና ሌላ ልብስ አነሣች። «ልጄ፣ ይቅርታሽን ሰምቻለሁ። ሂጂ አሁን።»

«ልመልስልዎ የምችለው ነገር ካለ ...»

ጠባሿ ወደ እሷ አልዞረችም። «ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው» አለች ወደ ሳፋው እያጎነበሰች። «ሰልፍ ያለበት ሰዓት ነው። እኔ ግን ያን ደጅ አልረግጥም።»

ኩኩ ከጎማ ጠጋኙ ፊት ለፊት ቆመች። በቀኝ በኩል ብትሄድ በጓሮው በር ወደ ቤቷ ትገባለች፣ ማንም አያያትም። በግራ በኩል ዋናው መንገድ ነው። የዶሮ ጥብሱ ሽታ እዚህ ድረስ ይመጣል። የምሳ ደወል ተደውሏል፤ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች እየተጋፉ በፊቷ አለፉ። ወደ ግራ ሄደች።

ዶሮ ቤቱ ፊት አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ተሰልፈዋል። ባለዶሮው ጥቁር ኮቱን አውልቆ፣ ሸሚዙን ሰብስቦ፣ ራሱ ይጠብሳል፣ ራሱ ይሸጣል። ድንቹ እያረረበት ነበር። ኩኩ ወደ ባንኮኒው ስትጠጋ አያትና «ተራሽን ጠብቂ» አላት ጮክ ብሎ። ከክፍሏ ልጆች አንዱ እንደ ዶሮ ጮኸ፣ ሌሎቹ ሳቁ።

ዞራ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ከፊቷ የነበረችው ልጅ ወደ ፊት ራቅ አለች፣ አብረው መቆማቸው እንዳይታይባት። ሰልፉ በዝግታ ይንቀሳቀሳል። ሁለት ባለ ታክሲዎች መጥተው ከኋላዋ ቆሙ፤ ከእነሱ ኋላ ነጭ ጋዋን የለበሰች የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ ሌሎች ተማሪዎች። አንድ እርምጃ ወደ ፊት በሄደች ቁጥር አሁንም መውጣት እችላለሁ ትል ነበር። አንዴ ዘወር ብላ ስታይ ሰልፉ ከእግረኛ መንገዱ አልፎ አስፋልቱ ዳር ደርሷል።

ተራዋ ደረሰ። ባለዶሮው ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«ምን ልስጥሽ?»

«ምንም» አለች ኩኩ።

ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ሰልፉ መልሳ ቆመች። የመጨረሻው ሰው እንዲሰማት ምን ያህል ጮክ ማለት እንዳለባት በዓይኗ ለካች፤ ከዚያ መናገር ጀመረች።